«ነገ እጨርሳቸዋለሁ» ያልኩ ዕለት

ሐሙስ ጠዋት ነበር። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሊጀመር ነው፣ እኔ ሰሌዳ እየጠረግኩ ነው። የርዕሰ መምህሯ ጸሐፊ በሩ ላይ ቆማ «ቦርሳህንም ይዘህ ና» አለችኝ። ያስደነገጠኝ «ቦርሳህንም» የሚለው ነው። ለስብሰባ የተጠራ መምህር ቦርሳውን ይዞ አይሄድም።

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለምታስተምሩ፣ ወይም የማስተማር ፈቃዳችሁን ለማውጣት ደፋ ቀና ለምትሉ ወገኖቼ ነው። የመምህር ረዳት የሆናችሁም፣ አልፎ አልፎ በሰው ቦታ ተተክታችሁ የምታስተምሩም አትለፉት። ጠበቃ አይደለሁም። ሕጉም ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚያች ሐሙስ በፊት፣ ከአገር ቤት ይዤው ከመጣሁት ሚዛን ነው።

ደብረ ብርሃን ዘጠኝ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። እኔ በነበርኩበት ጊዜ መምህር ከክፍል ውጭ የሚጠነቀቀው ከአንድ ነገር ነበር፤ ከፖለቲካ። ምን እንደተናገርክ፣ ከማን ጋር ቡና እንደጠጣህ፣ ከየትኛው ስብሰባ እንደቀረህ የሚያይ አይጠፋም። ስለ ተማሪ ማማረር ግን ማንም ቁብ የማይሰጠው ጨዋታ ነው። መምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ይዘን «ዘጠነኛ ቢ ዛሬ ጨረሰኝ» ሳንባባል የዋልንበት ቀን የለም። «ቆይ፣ በፈተና አገኛቸዋለሁ» ያላለ መምህርም የለም። ተማሪዎቹ ራሳቸው ቢሰሙት ይስቃሉ።

በዲቪ መጥቼ ዲሲ ውስጥ አምስት ዓመት ፓርኪንግ ሠራሁ። ከዚያ የመምህር ረዳት ሆንኩ። ማታ ማታ ተምሬ ፈቃዴን አወጣሁና የሒሳብ መምህር ሆኜ ተቀጠርኩ። ሚዛኑ ግን አልተቀየረም። ስቴት ዲፓርትመንት ፊት ለፊት ሰልፍ ስወጣ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አወርዳለሁ። «ፎቶዬን እንዳትለጥፉ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ» እያልኩ ጓደኞቼን እለምናለሁ። ማታ ቤት ገብቼ ደግሞ ስድስት መቶ የፌስቡክ ጓደኛ ፊት ስለ ተማሪዎቼ በአማርኛ እዘከዝካለሁ። አማርኛ አጥር መስሎኝ ነበር። ፍርሃቴም ድፍረቴም ያለ ቦታቸው ነበር የተቀመጡት።

ረቡዕ ማታ የጻፍኩት ይህ ነው፦ «ዛሬ ሰባተኛው ክፍለ ጊዜ ገደለኝ። ቆይ፣ ነገ በፈተና እጨርሳቸዋለሁ! አንዳቸውም አያመልጡኝም።» መጨረሻው ላይ የሚስቅ ኢሞጂ አለው። አንድ የደብረ ብርሃን ባልደረባዬ ከሥሩ «ጨርሳቸው!» ብሎ መለሰልኝ። ሳቅኩና ተኛሁ።

ፌስቡክ ከጽሑፍ ሥር ትርጉም የሚያሳይ ቁልፍ አለው። አንድ ሰው ነካው። በእንግሊዝኛ የወጣው «ነገ እገድላቸዋለሁ፣ አንድም አያመልጠኝም» የሚል ነው። ፈተናው የት እንደገባ እንጃ። ያቺ የምትስቅ ኢሞጂ ደግሞ ነገሩን አባሰችው። ስክሪንሾቱ ከወላጅ ወደ ወላጅ ሲዞር አድሮ ጎህ ሳይቀድ ርዕሰ መምህሯ ስልክ ላይ ደረሰ። ማን እንደላከው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ቂምም የለኝም። እኔም የልጅ አባት ነኝ። 2018 ላይ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ግሬት ሚልስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ተኩስ ተከፍቶ አንዲት ተማሪ ሞታለች። እንዲህ ያለ ጽሑፍ አይቶ «ቀልድ ነው» ብሎ የሚያልፍ ርዕሰ መምህር እዚህ የለም።

ቢሮው ውስጥ ሦስት ሰው ጠበቀኝ፤ ርዕሰ መምህሯ፣ ከትምህርት ወረዳው የሰው ኃይል ክፍል የመጣች ሴትና አንድ ፖሊስ። ስክሪንሾቱ ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። በሚቀጥለው አርባ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ስህተት ሠራሁ።

የመጀመሪያው ይቅርታ ነው። ሐበሻ ሲጨንቀው ከአፉ ቀድሞ የሚወጣው ይቅርታ ነው፤ ያጠፋ ብቻ ሳይሆን ያላጠፋም ሰላም እንዲወርድ ይቅርታ ይላል። እኔም «አጥፍቻለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩ። እንዲያውም ደጋግሜ አልኩ። በኋላ የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ሳገኝ እንዲህ ይላል፦ ሠራተኛው ጽሑፉ የእሱ መሆኑንና ጥፋተኛ መሆኑን አምኗል። ያቺ መስመር አምስት ሳምንት ሙሉ ተከተለችኝ። ብታዝኑ እዘኑ፣ ግን ቃሉን ለዩት። «ወላጆች በመደንገጣቸው አዝናለሁ» አንድ ነገር ነው። «አጥፍቻለሁ» ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው፣ ብቻዬን መቀመጤ ነው። ከሰው ኃይል የመጣችው ሴት ገና ሲጀመር «የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ እንዲገኝልህ ትፈልጋለህ?» ብላ ጠይቃኛለች። «ምን የምደብቀው ነገር አለኝ?» አልኳት። ጎበዝ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። እነሱ ሦስት ሆነው ሲጽፉ እኔ ብዕር እንኳ አላወጣሁም። ፖሊሱ ለምን እንደተቀመጠም አላሰብኩም። ሜሪላንድ ውስጥ በጅምላ ጥቃት መዛት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ለካ የሥራ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የወንጀል ጥያቄም እየመለስኩ ነበር።

ሦስተኛውን ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል። ንጹሕነቴን ላሳይ ብዬ ስልኬን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «እዩት፣ ሌላ ምንም የለም» አልኩ። ነበር። የቴሌግራም ግሩፕ ነበር። ሰባት ሐበሻ ተማሪዎቼ ያሉበት፣ የቤት ሥራ ሲከብዳቸው ማታ በአራት ሰዓት የሚጠይቁኝ። ክፉ ነገር የለበትም። ነገር ግን ወረዳው መምህር ከተማሪ ጋር በግል ስልክ እንዳይጻጻፍ ይከለክላል። ስቀጠር የፈረምኩበት የሠራተኞች መመሪያ ላይ አለ፤ ማን ያነበዋል? አንድ ጥያቄ ይዤ ገብቼ በሁለት ወጣሁ። አሠሪ የሠራተኛውን የግል አካውንት የይለፍ ቃል እንዳይጠይቅ በሕግ የከለከለችው የመጀመሪያዋ ስቴት ደግሞ ይቺው ሜሪላንድ ናት፤ 2012 ላይ። ሕጉ የዘጋልኝን በር እኔው በእጄ ከፈትኩት።

መታወቂያዬንና የትምህርት ቤቱን ላፕቶፕ ተቀበሉኝ። ጉዳዩ እስኪጣራ ከነደመወዜ ታገድኩ። የጥበቃው ሰው እስከ መኪናዬ ሸኘኝ። ተማሪዎች በመስኮት እያዩ ነበር።

ከሰዓት ሁለት ፖሊሶች ቤት መጡ። ጨዋዎች ነበሩ። መሣሪያ አለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ በአማርኛ «እሱ እኮ ዶሮ ማረድ የሚፈራ ሰው ነው!» አለች። «እባክሽ፣ ማረድ የሚለውን እንዳትተረጉሚላቸው» አልኳት። ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች።

እንዲህ ባለ ጊዜ ምክር ይበዛል። ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንድ ትልቅ ሰው «ልጄ፣ ሁለተኛ ሲጠሩህ ስልክህን ኪስህ ውስጥ አድርገህ በድብቅ ቅዳቸው» አሉኝ። ሊጠቅሙኝ ነው። ነገር ግን ሜሪላንድ ውስጥ የግል ንግግርን ሁሉም ተነጋጋሪ ሳይፈቅድ መቅዳት ወንጀል ነው። ዲሲ ግን አንዱ ተነጋጋሪ ከፈቀደ ይበቃል፤ ድንበሩን ተሻግሮ የሚኖር ሰው በዚህ በቀላሉ ይሳሳታል። ሌላው ጓደኛዬ «ፌስቡክህን ጠራርገህ አጥፋ» አለኝ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ደርሶ ነበር። ያቺን አንዷን ጽሑፍ ከእይታ ደብቄያት ነበር፣ ሌላውን አልነካሁም። ጠበቃዬ በኋላ «እንኳን አላጠፋኸው፤ ማስረጃ አጠፋ ባሉህ ነበር» አለችኝ።

ጠበቃዋን ከኪሴ ነው የከፈልኩት። ይህም የራሱ ታሪክ አለው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 2018 ላይ የሰጠው የጃነስ ፍርድ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ሳይፈልግ ለሠራተኛ ማኅበር ክፍያ እንዳይቆረጥበት አድርጓል። ስቀጠር ይህን የነገረኝ ሰው ነበርና ከየደመወዜ የሚቆረጠውን መዋጮ ላተርፍ ብዬ ማኅበሩ ውስጥ ሳልገባ ቀረሁ። ያተረፍኳትን በአንድ ቀን የጠበቃ ሒሳብ መልሼ ከፈልኩ። ማኅበሩ አባል ላልሆነም ስብሰባ ላይ ተወካይ ይልካል፤ ጠበቃ የሚያቆመው ግን ለአባላቱ ነው። ዛሬ ብገባም ትናንት ለደረሰው አይሆነኝም ተባልኩ። የቤት ኢንሹራንስ እሳት ከተነሳ በኋላ አይገዛም አይደል? አዲስ የተቀጠራችሁ፣ መዋጮውን ክፈሉ።

የጠበቃዋ ቢሮ ውስጥ ነው ሚዛኔ የተስተካከለው። መጀመሪያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የሰልፉን ነገር ተናዘዝኩላት። ኮፍያውን፣ የተደበቁትን ፎቶዎች፣ ሁሉንም። ሳቀች። «ከነገርከኝ ሁሉ ሕጉ በደንብ የሚጠብቅልህ እሱን ነው» አለችኝ።

ከዚያ የፒከሪንግን ጉዳይ ነገረችኝ። ፒከሪንግ በኢሊኖይ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበር። የትምህርት ቦርዱ ገንዘብ አያያዝ፣ በተለይ ለስፖርት የሚወጣው ብር አላስደሰተውም። ለአካባቢው ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ፣ ተባረረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት 1968 ላይ ለመምህሩ ፈረደ። ፍርዱ ለትርጓሜ ሰፊ ነው፣ ነገሩ ግን ግልጽ ነው፤ መምህር እንደ ማንኛውም ዜጋ ስለ ሕዝብ ጉዳይ ሲናገር ይጠበቃል፣ ንግግሩ የትምህርት ቤቱን ሥራ ምን ያህል ያውካል የሚለው ደግሞ በሌላኛው ሚዛን ላይ ይቀመጣል። በጀት፣ ምርጫ፣ ጦርነት፣ የአገር ጉዳይ የሕዝብ ጉዳይ ነው። የእኔ ሰልፍ ያ ነው።

ፌስቡክ ላይ የጻፍኩት ግን ያ አይደለም። 1983 ላይ በኮኒክ ጉዳይ ይኸው ፍርድ ቤት ሠራተኛ ስለ ራሱ የሥራ ቤት ቅሬታ ሲያወራ እንደ ፒከሪንግ አይጠበቅም አለ። በ2006ቱ የጋርሴቲ ፍርድ ደግሞ ሠራተኛ የሥራ ግዴታው ሆኖ የሚናገረውንም ከጥበቃው አወጣው። ኒው ጀርሲ ውስጥ አንዲት የአንደኛ ክፍል መምህርት ፌስቡክ ላይ «እኔ መምህር አይደለሁም፣ የወደፊት ወንጀለኞች ጠባቂ ነኝ» የሚል ነገር ጻፈች። ቴኑር፣ ማለትም ቋሚነት ነበራት። ሥራዋን አጣች፣ 2013 ላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም አጸናባት። የጻፈችው ከቤቷ ነው፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው። አላዳናትም።

«ታዲያ እኔን ምን ያድነኛል?» አልኳት።

«ምን ማለትህ እንደነበር ማሳየት» አለችኝ። «ሕገ መንግሥቱን ተወው። አንተን የሚያድንህ አስተርጓሚ ነው።»

ነገሩ የዞረው እዚህ ላይ ነው። በሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች መዝገብ ላይ ያለች የአማርኛ አስተርጓሚ አገኘን። ጽሑፉን ቃል በቃል ተረጎመች፣ ከሥሩም አንድ ገጽ ማብራሪያ ጻፈች። «ገደለኝ» ማለት አደከመኝ እንደሆነ፣ «ጨረሰኝ» በየቀኑ የሚባል እንደሆነ፣ «በፈተና» የምትለዋን ቃል ማሽኑ እንደዘለላት። ሰው በረሃብ «ሞትኩ»፣ በሳቅ «ፈረስኩ» እንደሚልም ምሳሌ ሰጠች። ወረቀቱን ሳነበው የገዛ ቋንቋዬ ምን ያህል ደም እንዳለበት ያን ቀን ታየኝ። እውነቴን ነው፤ ቡና እንኳን የምንጠጣው «ወቅጠን» ነው።

በዚያው ሐሙስ ሊሰጥ የታቀደውን ፈተናም አያያዝን። ረቡዕ ከሰዓት የትምህርት ቤቱ ማተሚያ ላይ ያባዛሁት፣ ሰዓቱና ቀኑ ያለበት። ከወራት በፊት ለወላጆች የላክሁትን የፈተና ፕሮግራምም ጨመርን።

ሁለተኛው ስብሰባ በአራተኛው ሳምንት ነው። አሁን ጠበቃዬም ነበረች፣ የማኅበሩ ተወካይም ነበረች። ተወካይዋ ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ አንጋፋ መምህርት ናቸው። በር ላይ ስንጠብቅ እናታቸውም መምህር እንደነበሩ አጫወቱኝ። በእርግዝና ጊዜ ሰፊ ካፖርት ይለብሱ ነበር አሉ፤ ሆዳቸው ከታየ ከሥራ ስለሚወጡ። እንዲህ ያለውን ሕግ ፍርድ ቤት የሻረው 1974 ላይ ነው፣ በላፍለር ጉዳይ። የክሊቭላንድ ትምህርት ቦርድ እርጉዝ መምህርትን ከመውለዷ አምስት ወር በፊት ያለ ደመወዝ ያስወጣ ነበር። ሴትየዋ ይህን የነገሩኝ ልቤን ሊያረጋጉት ይመስለኛል። አረጋጉኝም።

በዚያ ስብሰባ ትንሽ ነው የተናገርኩት። ጥያቄ ሲመጣ አንዴ እተነፍሳለሁ፣ ወደ ጠበቃዬ አያለሁ፣ አጭር መልስ እሰጣለሁ። የማላስታውሰውን «አላስታውስም» አልኩ። ይቅርታ የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ደጋግማ መጣች። ዋጥኳት።

ፖሊስ ፋይሉን ያለ ክስ ዘጋ። ወረዳው የፌስቡኩን ነገር ዛቻ አይደለም ብሎ ደመደመ፤ ያም ሆኖ ለመምህር የማይመጥን ጽሑፍ ነው ብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ማህደሬ ውስጥ አስገባ። የቴሌግራሙ ማስጠንቀቂያ ለብቻው ነው፣ እሱ ደግሞ ከበደ። ስለ ፌስቡኩ ማብራሪያ ነበረኝ፤ ስለ ቴሌግራሙ አልነበረኝም። መመሪያው ግልጽ ነበር፣ ፈርሜበታለሁ።

ይህን ለእኛ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። አገር ቤት መምህር ከግቢ ሲወጣም መምህር ነው። ልጅ መንገድ ላይ ሲያጠፋ ይቆጣል፣ ሲቸገር ቤቱ ያስጠናል። ሐበሻ ወላጅ እዚህም ያንን ይጠብቃል። «ጋሼ፣ ስልክህን ስጠው፣ እንደ ልጅህ እየው» ይሉሃል። እምቢ ማለት ኩራት ይመስላል። እኔ አሁን «እሺ፣ ግን በትምህርት ቤቱ መልእክት መላኪያ ይጻፍልኝ፣ እርስዎም ገብተው ያያሉ» እላለሁ። አንዳንዱ ይቀየማል። ይቀየም። ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሒሳብ አስጠናለሁ፤ በሩ ክፍት ነው፣ ሌሎች ትልልቅ ሰዎች አሉ፣ የራሴን የክፍል ተማሪ ግን በክፍያ አላስጠናም። ብዙ ወረዳዎች ይህንን የጥቅም ግጭት ይሉታል። ኡበር ብትነዱ ማንም አይናገራችሁም።

ያን ጊዜ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ቴኑር የሚገኘው ከሦስት ዓመት የሙከራ ጊዜ በኋላ ነው። እስከዚያ ውልህ በየዓመቱ ነው የሚታደሰው፤ አናድስም ካሉ አላደሱም። ቋሚ ያልሆነ መምህርም ቢሆን በሕግ በተጠበቀ ንግግሩ ምክንያት ውሉ ከተቋረጠ መክሰስ እንደሚችል የ1977ቱ የማውንት ሄልዚ ፍርድ አለ። ግን ምክንያቱ ያ መሆኑን ማሳየት የራስህ ዕዳ ነው። ያ ጸደይ በየቀኑ የፖስታ ሣጥን እየከፈትኩ አለቀ። ታደሰልኝ።

በግል ትምህርት ቤት ወይም በቤተ እምነት ትምህርት ቤት ለምታስተምሩ ደግሞ አንድ ነገር፤ ስለ ፒከሪንግ የነገርኳችሁ እናንተን አይመለከትም። ሕገ መንግሥቱ የመናገር ነጻነትን የሚያስከብረው በመንግሥት ላይ ነው። የግል አሠሪያችሁን የሚይዘው በዋናነት የፈረማችሁት ውል ነው። ውሉን ዛሬ ማታ አውጡና አንብቡት።

ሰልፍ አሁን ያለ ኮፍያ ነው የምወጣው። የትምህርት ቤቱን ሹራብ አልለብስም፣ ስሙንም አላነሳም፣ በሥራ ሰዓት አልሄድም፣ ክፍል ውስጥም አላወራውም። ፎቶዬን ይለጥፉ። ስለ ተማሪ ግን በምንም ቋንቋ፣ ለሦስት ሰው እንኳ አልጽፍም።

እሑድ እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ላይ ስንገናኝ ግን ጓደኞቼ አልተዉኝም። ገና በር ስገባ «ጨርሳቸው መጣ!» ይላሉ። «ስንቱን ጨረስክ በዚህ ሳምንት?»

«ሠላሳ ሁለት» እላለሁ፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ መሆኑን አይቼ። «አራቱ አምልጠውኛል፤ መቶ አግኝተዋል።»